የአባቴ በቅሎና የደም ምርመራው

የምሠራበት ክሊኒክ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ነፋስ በማያጣው ዳገት ላይ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ደም መቅዳት አላስፈራኝም። የአራሽ ክንድ ደም ሥሩ ጎላ ብሎ ስለሚታይ ብዙ አያስቸግርም። የፈራሁት ጥያቄውን ነበር።

ጥያቄው የሚመጣው ፒ.ኤስ.ኤ ከሚባለው ምርመራ ጋር ነው። ፒ.ኤስ.ኤ የወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ሲል ሐኪሞች ካንሰር ይኖር ይሆን ብለው ይጠረጥራሉ። ችግሩ ይህ ቁጥር በትንሽ በትልቁ የሚደነግጥ መሆኑ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል። ዕጢው ካንሰር ሳይኖርበት እንዲሁ ሲያብጥም ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ በሽማግሌዎች ዘንድ እንደ ሽበት የተለመደ ነው። ሽንት የሚያቃጥል ኢንፌክሽን ካለ ይጨምራል፤ ሐኪም ዕጢውን በጣቱ ከዳሰሰው በኋላም ከፍ ሊል ይችላል። ብስክሌት ብዙ የነዳ ሰውም ይጠየቅ ይባላል። የመጨረሻው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ሰውየው ባለፉት ሁለት ቀናት ከሚስቱ ጋር ተኝቶ ከሆነ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ይህን እንድጠይቅ የተፈረደብኝ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። መምህሩ ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ከጎኔ ለተቀመጠችው ልጅ ነበር። ከፊቴ የሚቀመጡት ደግሞ አብዛኞቹ አያቴን የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «እንደምን አደርሽ፣ እመቤቴ» ብለው ይቀመጣሉ። ከዚህ በኋላ እንዴት ተደርጎ ስለ አልጋቸው ይጠየቃል?

ካርድ ክፍል የምትሠራው ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ችግር የለባትም። ብዙ ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ደሞዟን ጠይቃ የተቀበለች ሰው ከዚህ ወዲያ የምትፈራው ጥያቄ እንደሌለ ትናገራለች። መጀመሪያ ላይ ለምኛት እሷ ትጠይቅልኝ ነበር። ትጠይቃለችም፤ ግን ከመስኮቷ ሆና፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌን፣ «አባባ፣ ከባለቤትዎ ጋር ከተኙ ስንት ቀን ሆነዎ?» አለቻቸው። ሰውየው «እሷማ ካረፈች ቆየች እኮ፣ ልጄ» አሏት። ጓደኛዬ ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ ድምጿ አልተሰማም። ከምሳ በኋላ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። በእኛ አገር ጾም የያዘ ሰው ከሥጋና ከቅቤ ብቻ ሳይሆን ከሚስቱም ይርቃል። ስለዚህ ሁዳዴ ከገባ በኋላ የሚመጣ ሽማግሌ ለእኔ በረከት ነው። «አባባ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?» እላለሁ። ደኅና እንደሆነ፣ ጉልበታቸውን ብቻ ዛል እንዳደረጋቸው ይነግሩኛል። «እንደ ሕጉ ነው የያዙት?» እላለሁ ቀጥዬ። እንዴታ፣ ይላሉ ትንሽ ቅር ብሏቸው። በቃ፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ ተመለሰ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት የማይጾምባቸው ሳምንታት ግን ለሰው ሁሉ ደስታ፣ ለእኔ ጭንቅ ናቸው። የሰኔ ጾም ደግሞ ግራ ያጋባኛል። አንዳንዱ አጥብቆ ይይዘዋል፤ አንዳንዱ የቄስ ጾም ነው ብሎ ያልፈዋል። ጠይቆ እንጂ ገምቶ የሚደረስበት አይደለም።

አባቴ የመጡት በሰኔ ነው።

እናቴ አስቀድማ ደውላ፣ አባትሽ ሌሊት ለሽንት እየተነሡ እንቅልፍ አጡ፣ እኔም አጣሁ፣ አለችኝ። እኔ የደነገጥሁት በሌላ ነገር ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም በዚሁ ሕመም ነው ያረፉት። ወገባቸውን ሲያማቸው ብርድ ነው ተብሎ፣ ሽንታቸው ሲከለከል ብርድ ነው ተብሎ፣ መጨረሻ ላይ ብርድ እንዳልሆነ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ወንድም የነበረበት በሽታ ለወንድም ያሰጋል። ስለዚህ አባቴን በስልክ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ በመኪና እንዲመጡ ለመንኋቸው። መኪና እንደሚያጥወለውላቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም እሺ አሉኝ።

መጥተው ከፊቴ ሲቀመጡ እንደ ማንኛውም ታካሚ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንቺ የሚሏትን ልጃቸውን «እንደምን አደሩ» ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሽንት ያቃጥልዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ምንም የለም፣ አሉ ግድግዳውን እያዩ። የሽንት ቱቦ ገብቶልዎታል? የለም። መድኃኒት እየወሰዱ ነው? የለም። «ብስክሌት ነድተዋል?» አልኋቸው፣ የምርመራው መመሪያ መጽሐፍ ላይ እንዳለው።

«ብስክሌት?» አሉ። «ከጋፋት ማዶ፣ በዚህ ጭቃ፣ እኔ፣ በብስክሌት?» ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ደማቸውን ቀዳሁ። መንገዱስ እንዴት ነበር ስላቸው «ደኅና ገባሁ» አሉኝ። ስለ መንገዱ ባይሆን ስለ ሹፌሩ የማያማርር የመኪና ተሳፋሪ እንደሌለ ያኔ ትዝ አላለኝም። የመጨረሻውን ጥያቄ አልጠየቅሁም። ጓደኛዬ ከመስኮቷ አንገቷን ስታወጣ አይቼ፣ በዓይኔ ብቻ፣ በወለላይቱ፣ እንዳትጠይቂያቸው አልኋት። ገብቷት ተመለሰች።

ከደሙ በኋላ ወደ ሐኪሙ ገቡ። ሐኪማችን ወጣት ነው፤ ቁጥሩ እንዳይዛባ ብሎ ሁልጊዜ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው በጣቱ የሚመረምረው። አባቴ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሰኔ ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ምን እንዳሉት ሐኪሙ ራሱ ነው ኋላ የነገረኝ። ጓንቱን ሲያጠልቅ አይተው፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ካስረዳቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን እንደምትሠራ አባትህ ያውቃሉ?» አሉት።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ ነበር፤ ጥቂት በላይም አልነበረም። መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ደግሜ አየሁት። አልተሳሳተም። የሽንቱንም ምርመራ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ኢንፌክሽን አለበት። ለእኔ «ምንም የለም» ያሉት ሰው ለሐኪሙ፣ ከጣቱ በኋላ ምን የሚደበቅ ነገር አለ ብለው ነው መሰለኝ፣ ሳምንት ሙሉ እንደሚለበልባቸው ነግረውታል። ዓይን አፋርነቴን ከማን እንደወረስሁ ያን ቀን ጥርጥር አልቀረኝም።

ሐኪሙ አስቀመጠንና ረጋ ብሎ አስረዳን። ዕጢው አብጧል፤ ሲዳሰስ ግን ክፉ ነገር አላገኘም። ኢንፌክሽኑ ብቻውን ቁጥሩን ሊያንረው ይችላል። መድኃኒቱን ይጨርሱ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆዩ፤ ከዚያ ደሙ ይደገም። ያኔም ካልወረደ ባሕር ዳር ሄደው ከዕጢው በመርፌ ናሙና ይወሰዳል።

«ወንድሜን የገደለው ነው?» አሉ አባቴ።

ሐኪሙ እንደማያውቅ፣ ያን ለማወቅ እንደሚጠብቅ ነገራቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ባርኔጣቸውን አጠለቁ። እኔ ወረቀቶቼን አስተካከልሁ፤ የተዛባ አልነበረም።

በዚህ መሐል ጥበቃው በሩን አንኳኳ። ከጓሮ ታስራ የነበረች አንዲት ዳማ በቅሎ የክሊኒኩን ጽጌረዳ ጨርሳ ወደ ጎመኑ እየሄደች ነው፣ የማን ናት? አለ። አባቴ ባርኔጣቸው ውስጥ ሊገቡ ፈለጉ። በመኪና እንደሚመጡ ተስማምተን አልነበር እንዴ አልኋቸው። መኪናው እንደሚያጥወለውላቸው፣ እኔን ላለማስቀየም ዝም እንዳሉ፣ በቅሎዋም እንደ ወትሮዋ በሰላም እንዳመጣቻቸው ተናገሩ። ብስክሌት ስላቸው ለምን እንደዚያ እንደሳቁ ገባኝ። ለካ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ጋፋትን አቋርጠው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ በቀጥታ ነው መርፌዬ ሥር የተቀመጡት።

አባቴ በቅሎዋን በሩ ላይ ሊያስሯት ሲወጡ፣ ከሐኪሙ ጋር ቀርቼ የመንገዱን ነገር ነገርሁት። እሱም ሳቀና መጽሐፉ ላይ በቅሎ እንደሌለ ነገረኝ። «ኮርቻ ግን ኮርቻ ነው» አልሁት። ለእሱ እስከዚያ ቀን ከተናገርሁት ሁሉ ደፋሩ ቃል ይህ ነበር። አሰበበት። የብስክሌቱ ነገር ራሱ እርግጥ አይደለም፤ ይጨምራል የሚሉ አሉ፣ ምንም አላገኘንም የሚሉም አሉ። ቢሆንም መጠንቀቁ አይጎዳም፣ ለሁለተኛው ምርመራ በቅሎ ይቅር፣ ተባባልን። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላውንስ ጠይቄያቸው እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አባቴ ናቸው» አልሁ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጥቂት አገላበጠና እሱም የራሱን አባት መጠየቅ እንደማይሆንለት ተናገረ። ከዚያ ቀኑን አንቺው ምረጪ አለኝ። እኔ ቀኑን ከመረጥሁ ቆይቻለሁ። ስምንት ሳምንት ከሰኔ ሲቆጠር የሚያርፈው ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ፍልሰታን ልጆች እንኳ ይጾሙታል። አባቴ ደግሞ በየዓመቱ ሱባኤ ይይዛሉ፤ ቀኑን በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ነው የሚውሉት፣ ሌሊቱንም እዚያው ነው የሚያድሩት።

አባቴን እስከ በር ሸኘኋቸው። ከዚህ በኋላ እስከ ምርመራው ቀን ድረስ በቅሎ ላይ እንዳይወጡ አስጠነቀቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በቅሎዋን ፈቱ፤ አንገቷ ላይ እጃቸውን ጭነው አንድ ነገር በጆሮዋ የነገሯት ያህል ቆዩ። ከዚያ ልጓሙን ይዘው፣ ሳይወጡባት፣ በእግራቸው ዳገቱን ወረዱ። በሕይወቴ ያዘዝሁት ነገር እንዲህ ወዲያው ሲፈጸም አይቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

በሐምሌ አጋማሽ ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት ሄድሁ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። አባቴ መድኃኒቱን ጨርሰዋል፤ ማቃጠሉም ለቋቸዋል። በቅሎዋ ከደጅ ሣር እየነጨች ወፍራለች። አባቴ ወደ ገበያም ወደ ለቅሶም በእግራቸው እንደሚሄዱ፣ ጎረቤቱም በዚህ እየሳቀባቸው እንደሆነ ሰማሁ። አንዱ በቅሎዋ አርግዛ እንደሆነ ጠይቋቸዋል አሉ፤ በቅሎ እንደማትወልድ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ምክሬ እንዲህ መከበሩ ገርሞኝ በልቤ ኮራሁ።

አንድ ጎረቤታችን ለዕጢ እብጠት ሐኪም ያዘዘላቸውን ክኒን ከራሳቸው ቀንሰው ለአባቴ ይዘው መጥተው ነበር። እንዲህ ያለው ክኒን ከተቆየበት ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ በሽታው ቢኖር እንኳ ደኅና መስሎ ይታያል። ከፍ ያለው ቁጥር ያስደነግጣል እንጂ ያሳያል፤ ሳይገባው ዝቅ ያለው ግን ይሸፍናል። በተቻለኝ ትሕትና መለስሁላቸው። የተማረ ሰው መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልም አያውቅም ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ምስር እየለቀምን ተቀመጥን። ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው አሰብሁ። አባየ ዘንድሮም ሱባኤ ይገባሉ ወይ አልኋት። ይገባሉ አለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ? አዎ። ቤት እየመጡ አያድሩም? እናቴ እጇን ከሰፌዱ አነሣችና አየችኝ።

«ምን ልትጠይቂኝ ነው እንደ ጭልፊት የምትዞሪው?»

«ምንም» አልሁ።

«እኔና አባትሽ ፍልሰታን የያዝነው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ይህን ለሐኪምሽ ንገሪው። በሰኔ የሆነውን ግን አትጠይቂኝ፤ ዕድሜ ይስጣቸው።»

አንገቴን ደፍቼ የተለቀመውን ምስር እንደገና ለቀምሁት። እናቴ ስትስቅ ሰፌዱ ተንቀጠቀጠ። ሳቋ ሲያልፍ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። አባትሽ በቅሎዋን ለጣራ ገዳም ተስለዋታል፣ አለችኝ። ሌሊት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ለሽንት ብቻ አይደለም፤ ወጥተው ከበቅሎዋ ጋር ይቆማሉ። የወንድማቸውን ስም ሲጠሩ ሰምታቸዋለች።

በቅሎዋን ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ገዳሙን አውቀዋለሁ፤ ከአዲስ ዘመን በላይ፣ ጫካ ውስጥ ነው፤ ለመነኮሳቱ እህሉ ከገበያው በጀርባ ነው የሚወጣው። ስጦታው የሚገባ ስጦታ ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት ተኝቼ ሳስብ፣ አባቴ የዋዛ ነገር እንዳልተሳሉ፣ ያሉበት ፍርሃት እኔ ካሰብሁት የበለጠ እንደሆነ ነው የታየኝ።

በቀጠሮው ቀን ደብረ ታቦር በጉም ተሸፍና ነበር። ከላቦራቶሪው መስኮት ሆኜ መንገዱን አያለሁ። መኪና መጣ፤ የሉበትም። ሌላም መጣ፤ የሉበትም። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጃንጥላ፣ ቀጥሎ አባቴ፣ ከዚያ በቅሎዋ ወጡ። አባቴ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። በቅሎዋ ተጭና፣ የኮርቻዋ ልብስ፣ ግላሷ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ እንደ ሙሽራ ከኋላ ትከተላለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀስ ብሎ ከጎናቸው እየነዳ፣ «አባት፣ ደክሟት እንደሆነ ይዘሏት እንጂ» ይላቸዋል።

«እሷ እንግዳ ናት፤ እኔ ሸኚ ነኝ» አሉት አባቴ።

ጥበቃው ጽጌረዳውን ከልሎ ቆመ። እኔ ሮጬ ወጣሁና ጃንጥላውን ተቀበልኋቸው። ልቤ ተነክቶ ነበር። በእኔ አንድ ቃል ምክንያት ይህን ሁሉ መንገድ፣ በዚህ ጭቃ፣ የተጫነች በቅሎ ከኋላቸው እያለች በእግራቸው መጡ። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ እንደ ወትሮዬ አፈርሁ፤ ስለዚህ እንዲህ መልፋት አልነበረብዎትም፣ በመኪና ቢመጡ ይበቃ ነበር፣ ብቻ አልኋቸው።

አባቴ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ስለ ምርመራው ስነግራቸው የተናገርሁትን ረስተውታል፤ ጨርሶ ረስተውታል።

«ልጄ፣ በቅሎዋ የኔ አይደለችም እኮ» አሉ። «ያን ዕለት እዚህ በር ላይ ስፈታት፣ ብድን ለገዳሙ እሰጣታለሁ አልሁ። ጋፋት ሳልደርስ አፈርሁ። ከእግዜር ጋር እንደ በግ ነጋዴ ልከራከር? እንዲሁ ሰጥቻታለሁ አልሁ። ከዚያ ወዲያ የሰው ናት። የሰውን በቅሎ ሳያስፈቅድ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ስለዚህ አሁን ይዘዋት የመጡት ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ በቀጥታ ወደ ገዳሙ ሊወስዷት ነው። ቁጥሩን እንኳ ሳይሰሙ ሊነሡ ፈልገው ነበር፤ ለፍልሰታ በዓል ገዳሙ መድረስ አለባቸውና። ለምኜ አስቀመጥኋቸውና ደማቸውን ቀዳሁ። ምክሬ ከቁም ነገር እንዳልተቆጠረ ሳውቅ ኩራቴ እንደ ጉሙ በነነ። ግን ኮርቻው ከሰኔ ጀምሮ ባዶ ነበር፤ ለላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ምክንያቱን መሣሪያው አይጠይቅም።

በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ዘዴ ነው የሠራሁት። የተለያየ መሣሪያ የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከመጀመሬ በፊት ልኩ አስቀድሞ የሚታወቀውን መቆጣጠሪያ ናሙና ሠርቼ መሣሪያው ትክክል መሆኑን አየሁ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ካርድ ክፍል ያለችው ጓደኛዬ ሳትጠራ መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ምንም አልተናገረችም፣ ይህም ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። በመስኮቱ አባቴን አያቸዋለሁ። ከበቅሎዋ አጠገብ ቆመው በጃንጥላቸው የሚከልሉት ራሳቸውን አይደለም፤ እሷን ነው። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኋቸው። የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ ይህን ጊዜ ሌላ ሥራ እሠራበት ነበር።

ቁጥሩ ወጣ። አነበብሁት፤ ጓደኛዬም በትከሻዬ ላይ አነበበች። ወርዷል። ወደ ባዶ አልወረደም፤ ግን ለዕድሜያቸውና ላበጠው ዕጢያቸው ሊኖር ከሚችለው ውስጥ ገብቷል። ጓደኛዬ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን መጀመሪያ የደሙ ቱቦ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም መሆኑን ደግሜ አጣራሁ፣ ከዚያ ነው ያለቀስሁት።

ሐኪሙ ለአሁኑ ባሕር ዳር መሄድ እንደማያስፈልግ፣ ግን የወንድማቸው ነገር ስላለ ከመንፈቅ በኋላ እንደሚደገም ነገራቸው። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። ከዚያ ምን አወረደው የሚል ክርክር ተነሣ። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ስለዳነ ነው አለ። ጓደኛዬ ጾሙ ነው አለች፤ እያየችኝ። ጥበቃው በቅሎዋን ስለተዉ ነው አለ። አባቴ የማርያም ሥራ እንደሆነ አልተጠራጠሩም። ወደ እኔ ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ አሉኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተለወጡ የትኛው እንደሆነ መለየት እንደማይቻል ነገርኋቸው። «ይህን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?» አሉ፤ ግን እየሳቁ ነበር፣ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋቸው። አባቴ ከፊት፣ በቅሎዋ ከኋላ፣ እኔ ከጎን። በአቋራጩ ወርደው ዘመድ ቤት አድረው ነው የሚደርሱት። ስንለያይ በቅሎዋ አንገቷን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ሰጠኋት። ኋላ ከገዳሙ እንደሰማነው፣ እህል በደስታ ትሸከማለች፣ ሰው ግን ጀርባዋ ላይ እንዲወጣ አልፈቀደችም።

መንፈቁ ሊሞላ ሲል አዲስ ጭንቅ ያዘኝ። የካቲት ሊገባ ነው፤ ሁዳዴ ገና አልገባም። ጥምቀት አልፏል፣ የሠርግ ወር ነው፣ ጾም የለም። ዘዴዬ ሁሉ ባዶ ሆነ። ለአባቴ ደውዬ ቀን እንቀጥር ልላቸው ስዘጋጅ እሳቸው ቀድመው ደወሉ። ሐሙስ እመጣለሁ አሉ፤ ለምን ሐሙስ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሐሙስ ዕለት በመኪና መጡ። ፊታቸው አረንጓዴ መስሎ፣ ፌስታል በእጃቸው ጨብጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ገቡ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህ ማጥወልወል ቁጥሩን ይጨምር እንደሆነ ነው። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም አልኋቸው። ክንዳቸውን አሰርሁ። ሽንት እንዳላቃጠላቸው፣ ክኒን እንዳልወሰዱ፣ በቅሎም ብስክሌትም እንዳልነበር ራሳቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። መርፌውን አዘጋጀሁ፤ የመጨረሻው ጥያቄ አፌ ላይ ነበር። ሊወጣ ነው፣ አይወጣም፣ ሊወጣ ነው።

አባቴ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ጾመ ነነዌ ነበር» አሉ። «ሦስቱንም ቀን ቤተ ክርስቲያን ነው ያደርሁት። ሦስት ቀን ይበቃል አይደል?»

«ይበቃል፣ አባየ» አልሁ። እሳቸው የቀን መቁጠሪያውን፣ እኔ ደም ሥራቸውን እያየን፣ ደሙን ቀዳሁ።